የፒያኖ ዜማ በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እጅ

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ያለ ድምፃዊና ያለ አጃቢ፣ ፒያኖ ብቻውን የሚናገርበትን ሙዚቃ የደረሱ ኢትዮጵያዊት መነኩሲት ናቸው። በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተወልደው በመጋቢት 2015 ዓ.ም.፣ በ99 ዓመታቸው፣ ኢየሩሳሌም ዐረፉ። ለፒያኖ፣ ለኦርጋንና ለሌሎች መሣሪያዎች የጻፏቸው ሥራዎች ከ150 በላይ ይቆጠራሉ። ስማቸው ሲነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወራው ምንኩስናቸው፣ ስደታቸውና በገዳም በባዶ እግራቸው መኖራቸው ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥራቸውን በሙዚቃነቱ ማዳመጥን ወደ ኋላ ይገፋዋል። እማሆይ ዜማቸውን በኖታ ወረቀት ላይ የሚያሰፍሩ፣ በአውሮፓ የሙዚቃ ሥርዓትም በቅዱስ ያሬድ ዜማም የሠለጠኑ ደራሲ ነበሩ። የሥራቸው ክብደት የሚታየውም ከዚህ ሲነሡ ነው።

ለብቻ ፒያኖ የሚጻፍ አጭር ሙዚቃ በአውሮፓ ሥር የሰደደው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። መሣሪያውን በ1700 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ፍሎረንስ ውስጥ የፈለሰፈው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነበር። ከዚያ በፊት በሰፊው ይሠራበት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን ቆንጥሮ ስለሚያሰማ፣ ተጫዋቹ ጣቱን ቢያጠብቅም ቢያላላም ድምፁ ያው ነው። ፒያኖ ግን ክሩን የሚመታው በመዶሻ ነው፤ ጣት ሲጠነክር ድምፁ ይጎላል፣ ሲለዝብ ይቀጥናል። በእግር የሚረገጠው ፔዳል ደግሞ ጣት ከቁልፉ ላይ ከተነሣ በኋላም ድምፁን ያቆየዋል፤ ያለፈው ድምፅ ከሚመጣው ጋር ይዋሐዳል። ሮማንቲክ በሚባለው ዘመን የነበሩ ደራስያን፣ ሾፓን፣ ሹማንና ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ግሪግ፣ ይህን ችሎታ ተጠቅመው በጥቂት ደቂቃ አንድ ስሜት ጀምሮ የሚጨርስ ሙዚቃ ጻፉ። ለትልቅ አዳራሽ ሳይሆን ለአንድ ክፍልና ለጥቂት አድማጭ የሚሆን ነው። ፒያኖ በየመካከለኛ ኑሮ ቤቱ በገባበት በዚያ ዘመን በቤት ውስጥ አዘውትረው ይጫወቱት የነበሩት ሴቶች ነበሩ፤ በደራሲነት ስማቸው የተጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ኖርዌያዊቷ አጋተ ባከር ግሮንዳል ናት። በ1847 (እ.ኤ.አ.) ሆልመስትራንድ በተባለች የወደብ ከተማ ተወለደች። በርሊን ላይ ቴኦዶር ኩላክ፣ ፍሎረንስ ላይ ሃንስ ፎን ቢውሎ፣ ቫይማር ላይ ፍራንዝ ሊስት አስተማሯት። በ1868 (እ.ኤ.አ.) በዋና ከተማው፣ ዛሬ ኦስሎ በሚባለው በክርስቲያንያ፣ የቤትሆቨንን አምስተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ ስትጫወት ኦርኬስትራውን የመራው ግሪግ ነበር። 400 ያህል ሥራዎች ጽፋለች፤ 150 የሚሆኑት የፒያኖ ሲሆኑ ከቀሩት የሚበዙት ዘፈኖች ናቸው። ለፒያኖ ካዘጋጀቻቸው መካከል የኖርዌይ ገጠር ዘፈኖችና የጭፈራ ዜማዎች ይገኙበታል። በኋላ ዕድሜዋ ጆሮዋ ደክሞ መድረኩን ተወች፤ በ1907 (እ.ኤ.አ.) ዐረፈች። እኅቷ ሃሪየት ባከር የአገሪቱ ታላቅ ሠዓሊት ነበረች።

የእማሆይ ታሪክ ከዚህ ጋር ሲተያይ የሚገጥመውም የሚለያየውም ጎልቶ ይታያል። ሁለቱም የተማሩ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በሌላ ሙያ ስም ያላት እኅት አለቻቸው፤ ሁለቱም አጭሩን የፒያኖ ሙዚቃ መርጠው የአገራቸውን ዜማ አስገብተውበታል። አጋተ ግን ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሄደችበት መንገድ ክፍት ነበር። እማሆይ ደጃፉ ላይ ደርሰው ተመለሱ።

የልጅነት ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው የሠሩ፣ በ1919 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ጋር የሄዱ፣ በዘመናቸው የውጭ ቋንቋና ትምህርት ከነበራቸው ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ይባላሉ። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከሰንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ሰንዱ ገብሩ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ደራሲ፣ በ1957ቱም (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ታናሺቱ በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ጀመሩ። በዚያው አገር አንድ ዓይነ ስውር ፒያኒስት ሲጫወት መስማታቸው ልባቸውን ወደ ፒያኖ እንደሳበው በኋላ ዘመን ይናገሩ ነበር።

በ1933 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራቸው ተመልሰው ትምህርታቸውን ቢቀጥሉም ጊዜው አልረዘመም። ጣልያን ኢትዮጵያን ወረረ፤ በ1937 (እ.ኤ.አ.) ቤተሰቡ ተግዞ መጀመሪያ ከሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አካባቢ ወዳለችው ሜርኮልያኖ ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ የውብዳር ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ቫዮሊኑንና ፒያኖውን አከፋፍለው በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። ኋላ መምህሩም ተማሪዋም አዲስ አበባ መጡ፤ ኮንቶሮቪች የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል እንዲመሩ ተሾሙ፣ የውብዳርም በዚያው መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ተቀጠሩ።

ያኔ በለንደን የሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የመማር ዕድል ተገኘላቸው፤ የመሄጃ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። የሕይወታቸው ትልቁ ስብራት ይህ ነው። ምግብ እስከ መተው ደረሱ፤ ለሞት የቀረቡ መስሎ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ከሕመሙ ሲነሡ ዓለማዊውን ሥራ ትተው ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ሄዱ፤ መንኵሰውም ጽጌ ማርያም ተባሉ። በዚያ ተራራ ላይ ለዐሥር ዓመት ያህል ሲኖሩ ፒያኖ አልነበራቸውም። ግሸን የሚገኘው አምባሰል ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ አራቱ ዋና ቅኝቶች ከሚባሉት አንዱ የሚጠራው በዚህ አገር ስም ነው። አንድ ሙዚቀኛ መሣሪያውን ትቶ ዐሥር ዓመት ሲቀመጥ ጣቱ ይደነዝዛል ማለት ልማድ ነው። በእማሆይ ላይ የታየው ግን ሌላ ነው፤ ከገዳሙ ወርደው ፒያኖ ፊት ሲቀመጡ በስዊዘርላንድና በካይሮ የተማሩት ሙዚቃ በጸሎት ዜማ ታሽቶ ወጣ።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በጎጃምና በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማ፣ ቅኔና አቋቋም በቃል እየተቀጸለ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖሯል። እማሆይ በጎንደር ያዩት አንድ ነገር የቀረ ዕድሜያቸውን አቅጣጫ ወሰነ። የቆሎ ተማሪዎች እየለመኑ እየበሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደጅ እያደሩ ይማሩ ነበር። እማሆይ የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ለመስጠት ወሰኑ። በንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች እንዲውል ሆነ። ከዚያ በኋላ የወጡት ሸክላዎችም ለወላጅ አልባ ልጆችና ለመሰል በጎ ሥራ የታሰቡ ነበሩ። የእማሆይ ሙዚቃ ለገበያ ያልተሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከጥቂቶች እጅ ያልወጣውም እንዲሁ።

ወደ ሙዚቃው ሲገባ መጀመሪያ የሚያጋጥመው የቅኝት ጉዳይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ትልቁ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። ይህን ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ የነካ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ቅኝት ነው። የሁለቱ ድምፆች መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፓ ሙዚቃ ወደ ፊት የሚገፋው ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ በግማሽ ድምፅ ርቀት እየተሳቡ ነው፤ አድማጩ መጨረሻውን የሚጠባበቀው በዚህ ስበት ነው። ትልቁ ትዝታ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ስለሌለ ዜማው በየትኛውም ድምፅ ላይ ሊያርፍ፣ ካረፈበትም ያለ ጥድፊያ ሊነሣ ይችላል። የሾፓንን ዓይነት የግራ እጅ አጃቢ ይዞ በላዩ ላይ እንዲህ ያለ ዜማ የሚያስኬድ ደራሲ ሁለት የማይገጥሙ ሕጎችን ማስታረቅ አለበት።

እማሆይ ያስታረቁበት መንገድ ግራ እጁን ማቅለል ነው። በብዙ ሥራዎቻቸው ግራ እጅ ጥቂት ድምፆችን እየበታተነ፣ እንደ ዝግ ያለ ዋልዝ ይመላለሳል፤ ከባድ የስምምነት ለውጥ አያመጣም። መሬቱ ጸጥ ካለ በኋላ ቀኝ እጁ እንደ ልቡ ይሄዳል። አንዴ ይንደረደራል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ሐረጉ መሐል ላይ ትንፋሽ የወሰደ ያህል ቆም ይላል። በሮማንቲክ ዘመን ሙዚቃ ሩባቶ የሚባል፣ ጊዜን መስረቅና መመለስ የሚፈቅድ ልማድ አለ። የእማሆይ ግን ከሩባቶ ይሰፋል። የያሬድ ዜማ ከበሮና ጸናጽል ሳይገቡበት በቃል ሲዜም የሚመራው በንባቡና በትንፋሹ እንጂ በእኩል በተቆጠረ ምት አይደለም። ሥራዎቻቸውን እግሩን እየመታ ለመከተል የሚሞክር አድማጭ የሚሳሳተው ለዚህ ነው፤ እንደሚጸልይ ሰው ድምፅ ሐረግ በሐረግ ለሰማቸው ግን ምንም የተዛባ ነገር የላቸውም።

ሌላው ብልሃት ጌጡ ነው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን በክሩ ላይ አንሸራቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ዘፋኝም ጉሮሮውን አርገብግቦ ድምፁን ይሰብራል። ፒያኖ ይህን አይችልም፤ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ድምፅ የለውም። እማሆይ በዚህ ፈንታ ከዋናው ድምፅ በፊት አንዲት ወይም ሁለት እጅግ አጭር ድምፆች ጣል ያደርጋሉ፣ ሁለት ድምፆችን በፍጥነት ያፈራርቃሉ፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ወደ ታች ያፈሱታል። ጆሮ በመሐል ያልተሰማውን ራሱ ይሞላዋል፤ ፒያኖው የተንሸራተተ ይመስለዋል። ቫዮሊን ከልጅነታቸው የተማሩ በመሆናቸው ክር ላይ የሚሸራተትን ድምፅ በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ ይህ ዕውቀት ፒያኖው ላይ እንደጠቀማቸው ማሰብ ይቻላል።

ብሉዝና ጃዝ የለመዱ የውጭ አድማጮች እማሆይን ሲሰሙ የአሜሪካን ጥቁሮች ሙዚቃ ያስታውሳሉ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ቢቢሲ ስለ እሳቸው ያሰራጨው የሬዲዮ ዝግጅት በመጠጥ ቤት ፒያኖ ስልት ስም ይጠራቸዋል። መመሳሰሉን ያመጣው የአምስት ድምፅ ቅኝትና በነፃ የሚሄድ ጌጥ በሁለቱም ዘንድ መኖሩ ነው። ቅጽሉ ፍቅር ያለበት ቢሆንም ትክክል አይደለም። የሥራዎቹ ምንጭ ቤተ መቅደስና የአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ነው፤ እነዚህም ለማስረዳት በቂ ናቸው።

የሥራዎቹ ርዕሶች ሸክላዎቹና ሲዲዎቹ ላይ በውጭ ቋንቋ ነው የታወቁት። ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ቤት የለሹ ተንከራታች»፣ «የአገር ናፍቆት»፣ «የእናት ፍቅር»፣ «የወጣቷ ልጅ ብሶት»፣ «የእብዱ ሳቅ»፣ «የነፋስ ታሪክ»፣ «የባሕር መዝሙር» ይሆናሉ። «ጎልጎታ»፣ «የጌቴሴማኒ አትክልት»፣ «የዮርዳኖስ ወንዝ መዝሙር» የሚሉም አሉ። ሮማንቲኮቹ ለአጭር ሥራ የተፈጥሮና የስሜት ስም መስጠት ይወዱ ነበር፤ አጋተ ባከር ግሮንዳልም እንዲሁ። በእማሆይ ዘንድ ግን የሰው ብሶት፣ የወንዝ ድምፅና የክርስቶስ ሕማማት ስፍራዎች ያለ አጥር አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ፒያኖ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአገልግሎት መሣሪያ አይደለም፤ የአገልግሎቱ መሣሪያዎች ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። ስለዚህ «ጎልጎታ» የቅዳሴ አካል ሆኖ አልተጻፈም፤ ከቅዳሴ ውጭ በግል የሚደረግ ተመስጦ ነው፤ በገና በጾም ወራት በቤት የሚደረደርበትን ልማድ ይቀርባል። «የዓባይ መዝሙር» የሚለው ደግሞ ወንዙን በስሙ የሚጠራ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የተሰማው «ቤት የለሹ ተንከራታች» ነው፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) «ፓሲንግ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። ይህ ሥራ ደጋግሞ የመሰማቱን ያህል ቀላል አይደለም። ቀኝ እጁ ደጋግሞ ወደዚያው ሐረግ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ግን ጌጡ ወይም ርዝመቱ ይለወጣል፤ አንድም ጊዜ እንዳለ አይደግመውም።

በደርግ ዘመን እማሆይ አዲስ አበባ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ቤታቸው ሆነው በካሴት የቀረጿቸው፣ በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ እየዘመሩ ፒያኖ የተጫወቱባቸው ሥራዎች አሉ። እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም በአንዲት ትንሽ ክፍል ፒያኗቸውን አስቀምጠው ቀሪ ዕድሜያቸውን ኖሩ። ዓለም የሰማቸው ከሰማንያ ዓመታቸው በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 21ኛው ሲዲ፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣው፣ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው የፒያኖ ሥራዎች ሆነ። ሌሎቹ የዚያ ስብስብ ሲዲዎች በአብዛኛው የአዲስ አበባን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኦርኬስትራ ዘፈን የያዙ ስለሆኑ ይህ አንዱ ብቻውን ጎልቶ ወጣ። ከዚያም በስማቸው የተቋቋመ ፋውንዴሽን ወጣቶች ሙዚቃ የሚማሩበትን ድጋፍ መስጠት ጀመረ። በካሴት የነበሩት መዝሙሮች ከዕረፍታቸው በኋላ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በአንድ አልበም ተሰብስበው ወጡ፤ ድምፃቸውም ያኔ በሰፊው ተሰማ።

ለሙዚቃ ጥናት ግን ከሸክላውም ከሲዲውም የሚበልጠው ኖታው ነው። ሸክላ የአንድን ቀን አጨዋወት ያስቀራል፤ ኖታ ግን ሌላ እጅ ሥራውን አንሥቶ እንዲጫወተው ይፈቅዳል። እማሆይ በፌስታል ያስቀመጧቸውን የእጅ ጽሑፎች እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒየትዝ ተቀብላ ሠርታባቸው፣ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የሥራዎቻቸው የኖታ መጽሐፍ ታተመ፤ ዘጠና ዓመታቸው በተከበረበት በዚያው ዓመትም ሥራዎቹ በኢየሩሳሌም በኮንሰርት ተሰሙ። ቅኝቱን በኖታ ማስፈር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ኖታ የድምፁን ከፍታ በትክክል ይጽፋል፤ እንደ ዜማ ትንፋሽ የሚሰፋና የሚጠብ ጊዜን ግን ሲጽፍ ይቸገራል። የያሬድ ዜማ ሊቃውንት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዜማ ምልክቶችን ሲያዘጋጁ የወሰዱት መንገድ ሌላ ነበር፤ ምልክቱ ዜማውን ቀድሞ ለሚያውቅ ተማሪ ማስታወሻ ነው፣ ለማያውቀው አይገልጥም። የእማሆይን ኖታ የሚያነብ ፒያኒስትም ድምፆቹን ከወረቀቱ ያገኛል፤ የሐረጉን አካሄድ ግን እሳቸው የተጫወቱትን ሰምቶ ማሟላት አለበት።

ይህን ሥራ በአገር ውስጥ ይዘው ከቀጠሉት መካከል ቀድሞ የሚጠራው ፒያኒስትና ደራሲ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። አዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ በያሬድ አስተምሯል። የራሱ ሥራዎች ውስጥ «አምባሰል» እና የዋሽንት ተጫዋቹን እረኛ የሚመለከተው ይገኙበታል። ግርማ የሚጽፈው ሰፋ ባለ፣ ብዙ ድምፅ ባለበት የኮንሰርት ስልት ነው፤ ግራ እጁም እንደ ቀኙ ይናገራል። በእማሆይ ዘንድ ግራ እጅ ዝም እያለ መንገድ ይለቃል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ለሚፈልግ ወጣት ፒያኒስት ልዩነቱ በጣት ፍጥነት ላይ አይደለም፤ ቅኝቱን በስምምነት ማልበስ ወይስ ባዶውን መተው የሚለው ላይ ነው። የፒያኖ ተማሪ የባክንና የሾፓንን ሥራ ይማራል፤ «የአገር ናፍቆት» እና «የባሕር መዝሙር» በኖታ ከታተሙ ወዲህም ከእነሱ ጎን በመማሪያነት የማይቀመጡበት ምክንያት የለም።